ዋቱን ተዉትና ትራንስፎርመሩን አሳዩኝ

ሰሞኑን አንድ ዕቃ የሚገመግም ልጅ ቪዲዮ ላይ ቀርቦ የድሮዎቹን የጃፓን አምፕሊፋየሮች (ድምፅን ለስፒከር የሚያጎሉትን መሣሪያዎች) «የሽማግሌ ናፍቆት» ብሎ አጣጣላቸው። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? ጠረጴዛው ላይ ያለችው የብሉቱዝ ስፒከር «1,000 ዋት» ተብሎ ተጽፎባታል፤ አጠገቧ ያስቀመጠው፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራው ሳንሱይ የተባለ የጃፓን አምፕሊፋየር ግን 85 ዋት ነው። በቃ፣ በዚህ ፍርድ ሰጠ። ደሜ ፈላ።

እስቲ አዳፕተሯን ገልብጡና አንብቡ። እዚያው ቪዲዮው ላይ ይታያል፦ 12 ቮልት፣ 2 አምፔር። ሲባዛ 24 ዋት። ከግድግዳው 24 ዋት የሚቀበል ዕቃ 1,000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ባትሪው ቢያግዘው እንኳ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ለሚጠፋ ድምፅ ነው። ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት የሚደረስበት ከፍተኛ ኃይል) የሚሉት ይሄ ነው፤ አንድ ወጥ መለኪያ ስለሌለው ሻጩ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፍበታል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ ልጁ ደግሞ እንዳለ ተቀብሎ ለሺዎች አደለው።

የአሜሪካ ፋብሪካዎችም በዋት እንዲህ ይዋሹ ነበር። በፈረንጆቹ 1974 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣባቸው። አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ፣ አለኝ ከሚለው ኃይል ሲሶውን እየሰጠ አንድ ሰዓት ሙሉ መሥራት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ነው፣ ግራና ቀኙ አብረው እየሠሩ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ይለካ የነበረው፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚዛባም አብሮ መጻፍ ነበረበት። አንድ ሰዓት! ሁሉ ነገር ይግላል። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለአምፕሊፋየሩ በሚስማማው ቮልቴጅ የሚለውጥለት ከባዱ ክፍል ትራንስፎርመሩ ነው፤ ቀጭን ትራንስፎርመርና ሚጢጢ የሙቀት ማስወጫ ይዞ ያንን ፈተና የሚያልፍ አልነበረም፤ ስለዚህ ብረት መጨመር ግድ ሆነ፣ ጃፓኖቹም ሳይሰስቱ ጨመሩት። ፓዮኒር በ1976 ኤስኤክስ-1250ን በየቻናሉ (ለግራውም ለቀኙም ለየብቻ) 160 ዋት አድርጎ አወጣ፣ በ1978 ደግሞ ኤስኤክስ-1980ን 270 ዋት አደረሰው፤ ይሄኛው 35 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለብቻ አይነሳም። ሳንሱይማ ሥራውን የጀመረውም ትራንስፎርመር በመሥራት ነው። ልጁ «አላስፈላጊ ክብደት» ያለው እንግዲህ ይሄን ነው። ክብደቱ እኮ ነው ኃይሉ!

እኔ የማዳምጥበት ሳንሱይ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ጎረቤት ጋራዥ አቧራ ጠጥቶ የተገኘ ነው። ማብሪያውን ስጫን መጀመሪያ ዝም ይላል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ከሆዱ ውስጥ ሪሌዩ (በራሱ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ጠቅ ይላል፤ ኤሌክትሪኩ እስኪረጋጋ ጠብቆ ነው ስፒከሮቹን የሚያገናኘው። የድምፅ መጨመሪያው ከብድ ያለ ነው፣ በጣት ሲዞር ይሰማል። ክራር ስከፍትበት ጣት ክሩን ሲነካውና ሲለቀው ለየብቻ እሰማለሁ። ይሄን ናፍቆት የሚል ሰው ቁጭ ብሎ አልሰማም።

ባለፈው ዓመት የግራው ድምፅ ጠፋ። ክዳኑን በብሎን ማላቀቂያ ከፈትኩት። ትራንዚስተሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ የሰርኪዩት ሥዕሉም እስከ ዛሬ ይገኛል። ችግሩ የሪሌዩ መገናኛ መዛጉ ነበር፤ በጥቂት ዶላር ተቀይሮ ማታውኑ ዘፈነ። የልጁ ስፒከር በሙጫ የተለጠፈች ናት። የተበላሸች ቀን ማረፊያዋ ቆሻሻ መጣያ ነው።

አዎ፣ ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ይደርቃል፣ መቀየር አለበት። ቮልዩሙም ይንኮሻኮሻል፣ ይጸዳል። ወደ አዲስ አበባ ልትወስዱት ያሰባችሁ ደግሞ ጀርባው ላይ የቮልቴጅ መምረጫ እንዳለው ሳታዩ እንዳትሰኩት፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ 120 ቮልት ብቻ ናቸው፣ 220 ላይ ይቃጠላሉ። ይሄን እቀበላለሁ። ከዚህ ያለፈ አንድም ነገር አልቀበልም።

እና ወንድሜ፣ ሁለቱንም እስከሚችሉት ድረስ ከፍ አድርገህ አንድ ሰዓት ሙሉ አጫውታቸው፣ ካሜራውን ሳታጠፋ። ከዚያ 1,000 ዋቱን አሳየን።