ችግሩ ቸልተኝነት አይደለም
«የድሮ የአማርኛ ድረ ገጾች ዛሬ የማይነበቡት ባለቤቶቹ ችላ ስላሏቸው ነው» መባሉ ልክ አይደለም። የአንድ ማኅበር ድረ ገጽ ለዓመታት ይዤ ስለነበር አውቀዋለሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን መለያ ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ብዙ ሰው ቤት የደረሰው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ ነው። እስከዚያ የምንጽፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በተሠሩ ፎንቶች ነበር፤ ማለትም ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ብሎ የያዘውን ፎንቱ በአማርኛ ሆሄ መልክ ያሳየዋል፤ ፎንቱን ከገጹ ጋር ያያያዝንበት ዘዴ ደግሞ የሚሠራው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ። ፋየርፎክስና ክሮም ሲስፋፉ አንባቢዎቻችን በአማርኛው ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ያዩ ጀመር። «የድሮው ጽሑፍ በአንድ ቀን ወደ ዩኒኮድ ይቀየራል» የምትለው ወንድሜ፣ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ ግን አይደለም። አንዱ ሆሄ በሁለት ኮድ ተጽፏል፣ ቁጥሩ በሌላ ፎንት ነው፣ እያንዳንዱ ፎንት የራሱን የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ይፈልጋል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የሟች አባላት መታሰቢያ ገጻችን ነው፦ ስሞቹን ከታተመው መጽሔት ጋር አንድ በአንድ እያስተያየሁ በእጄ መለስኳቸው፤ መጽሔቱ የጠፋባቸው የሁለት ዓመት ስሞች ግን ዛሬም እንደተዘበራረቁ ናቸው።