ለማይክ ኮፍማን ውለታ አለብን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የኮሎራዶ 6ኛ ምርጫ ክልል ተወካይ የነበረው ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን በ2018 ምርጫ የኦሮራ ሐበሾች ድምፅ ይገባው ነበር? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ደጋፊ፦ እንዴታ! አገር ቤት ልጆች በጥይት ሲወድቁ፣ እስር ቤቱ ሲሞላ፣ የኮንግረስን በር ስናንኳኳ ማን ከፈተልን? ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የሚናገረውን የውሳኔ ሐሳብ፣ ኤችአር 128ን፣ ያቀረበው የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ቢሆንም የፓርቲውን አለቆች ሲወተውት የከረመው ኮፍማን ነው። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ድምፁን ሰጥቶ አሳለፈልን። ከሰባት ወር በኋላ በዴሞክራቱ ጄሰን ክሮው ሲሸነፍ ግን ብዙዎቻችን ዝም ብለን አየን። ይሉኝታችን የት ሄደ?

ተቃዋሚ፦ ጋሼ፣ «ድምፁን ሰጥቶ» ያሉት ላይ ልቁም። ኤችአር 128 ያለፈው በአፍ «አዎ» ተብሎ ነው፤ ማን ምን እንዳለ አልተመዘገበም። የተመዘገበው ሌላው ነው። በ2010 በልጅነታቸው ለመጡ ሰነድ አልባ ወጣቶች የቀረበውን ድሪም አክት ተቃወመ። በ2011 የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋም እንዲታተም የሚያስገድደው ሕግ ይሰረዝ ብሎ ረቂቅ አቀረበ። በ2012 ኦባማ በልቡ አሜሪካዊ አይደለም አለ። የምርጫ ክልሉ ካርታ ተቀይሮ ስደተኛ ሲበዛበት ነው ደጃችንን ያወቀው።

ደጋፊ፦ ስለ ኦባማ ለተናገረው ይቅርታ ጠይቋል። መዝገብ ካልሽ ሜይ 2017ን ለምን ዘለልሽው? ፓርቲው ኦባማኬር የሚባለውን የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ሊያፈርስ ሲነሳ «አይሆንም» ካሉት 20 ሪፐብሊካኖች አንዱ እሱ ነው። ስፓኒሽ ተምሮ በ2014 በቴሌቪዥን ተከራክሮበታል። ደግሞስ ስንት ሰው ከሥራ ቀርቶ ስልክ የደወለበትን፣ ፊርማ ያሰባሰበበትን ነገር በአፍ የተባለ ብለሽ ታልፊዋለሽ? እኛም እኮ ለፍተንበታል።

ተቃዋሚ፦ የእናንተን ልፋት አልነካሁም። ያነሳሁት የእሱን ድምፅ ነው፤ እሱን አሁንም አልመለሱልኝም። ሜይ ላይ «አይሆንም» ያለው ሰው ዲሴምበር ላይ የትራምፕን የግብር ሕግ ደገፈ። በዚያው ሕግ ኢንሹራንስ ያልገዛ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ዜሮ ሆነ፤ ኦባማኬር ከተደገፈባቸው ነገሮች አንዱ ተነቀለ ማለት ነው። ትራምፕን እጋፈጣለሁ ብሎ በ2016 ማስታወቂያ ያሠራ ሰው ነው! ጃንዋሪ 2017 ላይ ኢንሹራንሳችን ሊቀር ነው ብለው የሰጉ ሰዎች ኦሮራ ቤተ መጻሕፍት ተሰልፈው እየጠበቁት በኋላ በር ወጥቶ ሄደ። ታክሲ የሚነዳው፣ ሌሊት ኤርፖርት የሚያጸዳው ዘመዳችን የሚታከመው በምንድን ነው?

ደጋፊ፦ እኔ የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ነው። ነገ ሌላ መከራ ቢመጣ የትኛው ተወካይ ይሟገትልናል? የረዳቸውን ሰው ሜዳ ላይ ይጥላሉ ተብለን ስማችን ከወጣ አለቀልን።

ተቃዋሚ፦ ስለ ኮፍማን ጀምረን ስለ ሐበሻ ስም ሆነ! እኔ ግብር የምከፍለው እዚህ ነው፤ ልጆቼ የሚታመሙትም እዚህ። አስገዳጅነት ለሌለው አንድ ወረቀት ብዬ የእነሱን ነገር አልተውም።

ደጋፊ፦ «አንድ ወረቀት»? ወረቀት ብቻ ከሆነ የያኔው የኢትዮጵያ መንግሥት የደሃ አገር ገንዘብ ከፍሎ፣ ሎቢስት ቀጥሮ ለምን ታገለው? ሰው ሞቶበት ነው እኮ የተጻፈው። ይህን መልሺልኝና ሌላውን እንነጋገራለን።

ተቃዋሚ፦ እመልሳለሁ። እርስዎ አስቀድመው የዲሴምበሩን ይመልሱልኝ።