የካቻቢቴ ጥራት በማግኔቱ አይለካም

አንድ ወንድማችን ለጀማሪ ስልክ ጠጋኞች በሰጡት ምክር «ጫፉ ብሎን የሚስብ ካቻቢቴ ጥሩ ነው፤ የማይስበው ተራ ብረት ነው» ብለዋል። ይህ አባባል ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ገበያ የሚሰማ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የካቻቢቴ ጫፍ በጠንካራ ማግኔት ላይ በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ ከታሸ ብሎን መሳብ ይጀምራል፤ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት እንኳ ለዚህ ይበቃል። ስለዚህ መሳቡ ትንሿ ብሎን ከጫፉ እንዳትወድቅ ይረዳል እንጂ ስለ ብረቱ ጥንካሬ የሚነግረን ነገር የለም።

የብሎንን ራስ በአብዛኛው የሚያበላሸው የልክ አለመግጠም ነው። እኔ ራሴ የአንዲት እናት ስልክ ብሎን የላጥሁት በደንብ በሚስብ፣ ግን በአንድ ቁጥር ባነሰ ጫፍ ነበር፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። ፊሊፕስ (በአጭሩ ፒኤች) የሚባሉት መስቀለኛ ጫፎች ለዓይን አንድ ቢመስሉም ፒኤች 0፣ ፒኤች 00 እና ፒኤች 000 የተለያዩ መጠኖች ናቸው፤ በብዙ የጃፓን ካሜራዎች ላይ ያለው መስቀል ደግሞ የአገሪቱን የራሷን ደረጃ ስለሚከተል የተለመደው የፊሊፕስ ጫፍ በሚገባ አይቀመጥበትም። በአይፎን ግርጌ ያሉት ሁለቱ ብሎኖች ባለ አምስት ቅጠል ሲሆኑ 0.8 ሚሊ ሜትር ጫፍ ይፈልጋሉ።

ሲገዙ ብሎን ይዘው ይሂዱና ጫፉን አቁመው በቀስታ ወዝወዝ ያድርጉት፤ ከተላወሰ ሌላ ቁጥር ይጠይቁ። የጫፉ ጠርዞች ስል መሆናቸውን፣ የእጀታው አናትም ለብቻው መሽከርከሩን ይመልከቱ። «ኤስ 2» የሚለው ጽሑፍ ጠንካራ ብረትን ቢያመለክትም በርካሽ ዕቃ ላይም ስለሚታተም ብቻውን አይበቃም።