የሁላችንም ክፍተት

የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም መሙያ ቅጽ ሰሞኑን ተበተነ። መጨረሻው ላይ «የታየ ክፍተትና የመፍትሔ ሐሳብ» የሚል ሣጥን አለ። እኔን ያንገበገበኝ ይህ ሣጥን ነው። ቢሮአችን ውስጥ ሁሉም ሰው ክፍተቱ አንድ ነው። «የኮምፒውተር ክህሎት ማነስ።» መፍትሔውም አንድ ነው። «ሥልጠና መውሰድ።» አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይገለብጣል። ዘንድሮ በር ላይ ያሉት ጥበቃ ሳይቀሩ የኮምፒውተር ክፍተት ተገኘባቸው። እሳቸው የሚይዙት ዱላ ነው። በዱላ አያያዝ ደግሞ እንከን አይወጣላቸውም።

ነጥቡም ያው ነው። ሁላችንም «በጣም ጥሩ» ነን። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ድሃ ሀብታም ሳይል ያበላ ነበር ይባላል። አለቃችንም ነጥብ ሲሰጡ እንደዚያው ናቸው። ደብዳቤ በሰዓቱ የሚያወጣውም፣ ደብዳቤ የሚጠፋበትም እኩል ጠግቦ ይነሣል። ንጉሡ ግን ግብር ያበሉት እንግዳ ነው፣ የሥራ ውጤት አልነበረም የሚያድሉት።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደሉም። ወሎ ውስጥ ሰውን ፊት ለፊት «ይሄ ሥራ አልሆነም» ማለት ይከብዳል። መጀመሪያ ቤተሰብ ይጠየቃል። ከዚያ ዝናቡ። ቡና ይፈላል። አቦል ላይ ስለ ጤና፣ ቶና ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል። በረካ ላይ ወደ ጉዳዩ ሊገባ ሲል አንዱ ይመርቃል። ከምርቃት በኋላ ደግሞ ወቀሳ አይነሣም። አሚን ተብሎ ይበተናል። ሪፖርቱን ያበላሸው ልጅ ተመርቆ ወጣ። ኮሪደር ላይ ስናገኘው «አብሽር» እንለዋለን። ምን እንደደረሰበት ግን ማንም አልነገረውም።

ጨዋነቱን እወደዋለሁ። ግን የሚያልቅበት ቦታ አለው። ልጁ ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደር ያልቃል። ያኔ ፊቱ ላይ ያልተባለው ሁሉ ከጀርባው ይወጣል። «እሱማ ሥራ አይችልም።» መቼ ነው ያልቻለው? ማን ነገረው? ማንስ አሳየው? ይሄ ጨዋነት አይደለም። አድብቶ መምታት ነው።

እኔ የምወደው ተረት አለ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።» መምከሩ ሁለቴ ነው። መከራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም እምቢ ካለ። እኛ ጋ ሁለቱ ምክሮች ተዘለው ቀጥታ መከራው ላይ ይገባል። ሕግ አውጪዎቹ እንኳ ተረቱን የሰሙ ይመስለኛል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። እሱ የሚተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሥራ የመሥራት ችሎታው መቀነሱ በግልጽ የታየን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። አሠሪው ያዘጋጀለትን ሥልጠና አልፈልግም ብሎ ችሎታ ያነሰውንም እንደዚሁ። አልፈልግም ለማለት ታዲያ መጀመሪያ ሥልጠናው መኖር አለበት።

ሥልጠና ካልኩ አይቀር የቆየ ቂሜን ላውጣው። አንድ ጊዜ የኤክሴል ሥልጠና መጣ። አዳማ ላይ። የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት በኤክሴል የምሠራው እኔ ነኝ። የተላኩት ግን ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ ኮምፒውተራቸውን ዳንቴል ያለበሱ ሰውዬ ናቸው። ለምን ስል «ተራው የሳቸው ነው» ተባልኩ። የምን ተራ? የአበል ተራ! ሰውዬው ቦርሳ፣ ማስታወሻ ደብተርና ሰርተፊኬት ይዘው ተመለሱ። ሰርተፊኬቱን ላሚኔት አስደረጉት። ምን ተማሩ ስንላቸው ሆቴሉ ዓሣ አሳምሮ እንደሚጠብስ ነገሩን። ከዚያ በክብር ጡረታ ወጡ። እኔ ዛሬም በስልኬ እየደመርኩ ኤክሴል ላይ እጽፋለሁ።

ወረቀቱማ ሞልቶናል። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቁት የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቢኤስሲ ተብሎ እኛ ጋ ደርሷል። አራት ዕይታዎች አሉት። የመጨረሻው መማማርና ዕድገት ነው። እዚያ ሲደረስ ቅጹን የሚሞላው ሰው ደክሞታል፣ ባዶውን ያልፈዋል። ካይዘንም መጣ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው። የጃፓኖቹ ሐሳብ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተሻሻሉ መሄድ ነው። አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም በ«ማ» የሚጀምሩት የካይዘን የሥራ ቦታ ደንቦች፣ ግድግዳችን ላይ ተለጥፈዋል። እኛ ግን ማጽዳት ላይ ቆመናል። ዓርብ ዓርብ መጥረጊያ እናነሣለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ አለቀ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ግድግዳቸው ላይ ምንም አልተለጠፈም። ተለማማጅ ልጅ አላቸው። አንድ ቀን ልጁ እጅጌ አጣሞ ሰፋ። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ አላወሩም። «ፍታው» አሉት። ፈታው። «የት ጋ እንደጠመመ አየህ? ጨርቁን ስበኸዋል። አትሳበው የኔ ጌታ፣ መኪናው ራሱ ይወስደዋል። በል ድገመው።» ደገመው። አሁንም ጠመመ፣ ትንሽ። አሁንም «ፍታው»። ሰሞኑን ሳልፍ ልጁ ብቻውን ሱሪ ቆርጦ ይሰፋል። ግምገማውም፣ ክፍተቱም፣ ሥልጠናውም እዚያው መኪናው ላይ አለቀ። ቅጽ የሞላ የለም። ያኮረፈም የለም።

ለመሆኑ ስለ ምን ነበር የማወራው? አዎ፣ ስለ ሣጥኑ። እኔ ዘንድሮ «ኮምፒውተር» ብዬ አልጻፍኩም። «የወር ሪፖርት ድምር በቀመር መሥራት አልችልም፣ እስከ መጋቢት የሚችል ሰው ያሳየኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ተመለሰ። «ይሄ በጣም ዝርዝር ነው፣ እንደ ሰው ሙላ» ተባልኩ። ንዴቴን ለጎረቤቶቼ ሳወራ፣ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ የምትቀመጠው አዲሷ ልጅ «እሱን እኮ እኔ እችለዋለሁ ጋሼ» አለች። ማንም ጠይቋት አያውቅም። ቅጿን አየሁት። ክፍተት፦ የኮምፒውተር ክህሎት ማነስ።

ነገ ጠዋት ባለጉዳይ ሳይገባ ልታሳየኝ ተስማምተናል። አበሉ ከኔ ኪስ ነው። ማኪያቶና ቦምቦሊኖ።