ኪሎዋን ጮክ ብላችሁ አትናገሩባት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ እናንተም ላይ ነው፣ እኔም ላይ ነው።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ወፍራም ነበረች። ከልጅነቷም እንዲሁ ናት፤ እናታችንም አክስቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ክትትል ለመጀመር አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ሚዛኑ ኮሪደር ላይ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ያዩታል። ወጣችበት። የመዘነቻት ባለሙያ ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረችና "ውይ! ከአሁኑ እንዲህ ከሆንሽ ዘጠነኛው ወር ላይ ምን ልትሆኚ ነው?" አለቻት። ወንበር ላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ ሳቁ። እህቴም አብራ ፈገግ አለች። ቤት ስንደርስ ግን መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

የዚያን ቀን ግፊቷንም ለክተዋታል። የክንድ ማሰሪያው ጠበባት። አየር ሲሞላ እየተላቀቀ አስቸገረ፤ በግድ አጥብቀው ለኩና "ግፊት አለሽ፣ ከውፍረትሽ ነው" አሏት። ደንግጠን ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያ ያገኘናት አዋላጅ ነርስ በመጀመሪያ የክንዷን ዙሪያ በሜትር ለካች፣ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ፈልጋ አመጣች፣ እህቴን ቁጭ አድርጋ ትንሽ አሳረፈቻትና ለካቻት። ግፊቷ ደህና ነበር። የተለመደው የአዋቂ ማሰሪያ የሚሆነው የክንዱ ዙሪያ እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ከተጠቀሙ ቁጥሩ ከእውነተኛው ግፊት ከፍ ብሎ ይወጣል። ሰው የሌለበትን በሽታ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው።

ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፍም ነበር። እህቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጠሮ ቀረች። አንዴ ሥራ በዛብኝ አለች፣ አንዴ ታክሲ አጣሁ አለች። ሚዛኑን ፈርታ እንደነበር የነገረችኝ ከወለደች በኋላ ነው። ስምንተኛ ወሯ ላይ ከባድ ራስ ምታት ያዛት፣ ዓይኗም ብዥ ይልባት ጀመር። ይዘናት ሮጥን። በሰፊው ማሰሪያ ተለካች፦ 160 በ110። ይኼኛው እውነተኛ ነበር። አስተኟት፣ ከቀኗ በፊት በኦፕራሲዮን ወለደች፣ ልጇም ሙቀት ክፍል ገባ። ማርያም ማረቻት፣ ሁለቱም ተረፉ።

አሁን እንነጋገር። ውፍረት በእርግዝና ጊዜ ምንም አያመጣም እያልኩ አይደለም። የደም ግፊት፣ የእርግዝና ስኳር፣ የደም መርጋት፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድል፣ እነዚህ ሁሉ ይጨምራሉ። ታዲያ ይህች ሴት ናት ከሁሉም በላይ ክትትሉ የሚያስፈልጋት! የዓለም ጤና ድርጅት እኮ በ2016 እ.ኤ.አ. 4 የነበረውን የክትትል ቁጥር ቢያንስ ወደ 8 ያሳደገው፣ አብዛኛውንም ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ያደረገው ያለ ነገር አይደለም። የእርግዝና ግፊት የሚመጣው በአብዛኛው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምንም ስሜት ላይሰጥ ይችላል። ካልተለካ አይታወቅም። እህቴ የቀረችባቸው ሁለቱ ቀጠሮዎች እዚያው መሃል የነበሩ ናቸው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉ በነፃ ነው፣ ቤቷም ቅርብ ነው። ያስቀራት የእኛ አፍ ነው።

አዎ፣ የእኛ። እኔ ራሴ ገና በሦስተኛ ወሯ "ተመችቶሻል፣ ትንሽ ቀንሺ እንጂ" ብያታለሁ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ቅቤ የበዛበት ገንፎ ሠርቼ "ለሁለት ነው የምትበዪው" እያልኩ አጉርሻታለሁ። የትኛውን ትስማ? እርጉዝ ለሁለት አትበላም፤ ክብደት ለመቀነስ ብላም አትራብም። በጣም ወፍራም ለሆነች ነፍሰ ጡር፣ ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሆኖ ከማርገዟ በፊት 77 ኪሎ ለነበረች፣ አሜሪካ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ በእርግዝናው በሙሉ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይበቃታል ይላል። ይህን ተረጋግቶ የሚነግራት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። "መንታ ነው እንዴ?" የሚላት ጎረቤት ምን ያደርግላታል?

የጤና ባለሙያዎች፣ ሥራችሁ ከባድ መሆኑን አይቻለሁ፤ ወረፋው ከጠዋት እስከ ማታ አያልቅም። ግን ሚዛኑን ወደ ክፍሉ ውስጥ ለማስገባት በጀት አይጠይቅም። ቁጥሩን ካርዷ ላይ ጻፉት፣ ለኮሪደሩ አትንገሩት። አልትራሳውንድ ላይ ልጁ በደንብ ካልታያችሁ "ስብሽ ከለከለኝ" ከምትሏት "ዛሬ ጥርት ብሎ አልታየኝም፣ ሌላ ቀን እንደግመዋለን" በሏት። ራሷን አመመኝ ስትላችሁ ደግሞ ውፍረትሽ ነው ብላችሁ አትሸኟት፤ ለኳት፣ ሽንቷንም መርምሩ።

ባሎች፣ አብራችሁ ሂዱ። ሰው የያዘችን ሴት ማንም እንዲህ በቀላሉ አይዘልፋትም፤ መሆን አልነበረበትም፣ ግን እንደዚያ ነው።

አንቺ እህቴ ደግሞ፣ ወፍራም ሆነሽ ያረገዝሽ፣ በጊዜ ጀምሪ። ከቻልሽ 12 ሳምንት ሳይሞላሽ ሂጂ፣ ምክንያቱም ግፊትን ለመከላከል ለአንዳንድ እናቶች በትንሽ መጠን የሚታዘዘው አስፕሪን ቢቻል ከ16ኛው ሳምንት በፊት ነው የሚጀመረው። በራስሽ ግን እንዳትውጪው፣ ሐኪሙን ጠይቂ። ማሰሪያው ከጠበበሽ "ሰፋ ያለ አለ ወይ?" በያቸው፤ ነውር የለውም። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የስኳር ምርመራ ካላዘዙልሽ አስታውሻቸው። ሚዛኑ ላይ ስትወጪም ቁጥሩን ማየት ካልፈለግሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ መቆም ትችያለሽ።

ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንትሽ ሥር ሕመም፣ ድንገተኛ የፊት ወይም የእጅ እብጠት ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። የቀረሽባቸውን ቀጠሮዎች ቆጥረው ቢቆጡሽም ሂጂ።