ክብራን ላይ የተደበቀችው ሰላይ

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ጸሐፊ ያልታተመ የስለላ ልቦለዱን አምጥቶ «ጋሼ፣ ጣና ላይ የሚካሄድ ልብ አንጠልጣይ ነው፤ ሳይራሩ ይዩልኝ» አለኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ማንበብ ጀመርሁ፤ እስከ ሠላሳኛው ገጽ ድረስም በእርግጥ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ከዚያ ግን ዋናዋ ሰላይ ከአሳዳጆቿ ለማምለጥ ክብራን ገብርኤል ገዳም ገብታ ሦስት ቀን ስትደበቅ ወረቀቱን አጥፌ ሻይ አዘዝሁ። ክብራን ሴት አይገባበትም። ይህን የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጀልባ ነጂውም እንግዳ ሲጭን አስቀድሞ የሚናገረው ነው። ከጥቂት ገጾች በኋላ ጀግናው ሐይቁ ውስጥ 50 ሜትር ጠልቆ ሣጥን ሲያወጣ ብዙም አልደነቀኝም፤ ጣና እጅግ ጥልቅ በሆነበት ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው።

«ልቦለድ አይደል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልቦለድ መሆኑ ገብቶኛል፤ ቅሬታዬም ጸሐፊው መረጃ ስለ ተሳሳተ ብቻ አይደለም። ክልከላውን ባለማወቁ ምክንያት በእጁ የነበረውን ምርጥ ታሪክ ሳያየው አልፎታል የሚል ነው። ከክብራን ጎን እንጦስ ኢየሱስ የሚባል ሴቶችም የሚገቡበት ገዳም ያለበት ደሴት አለ፤ ሁለቱን የሚለያቸው ጥቂት ውኃ ነው። እንግዲህ የተፈለገው ሰነድ ክብራን የብራና መጻሕፍት ከሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ውስጥ አለ እንበል። ሰላይዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሠለጠነችበት ሁሉ እዚያ ወደብ ላይ ዋጋ የለውም፤ ከእንጦስ ሆና እየተመለከተች፣ ሙሉ በሙሉ የማታምነውን ወንድ ባልደረባዋን ለመላክ ትገደዳለች። ሰውየው በሰዓቱ ካልተመለሰ ተይዞ ይሁን ከድቷት ይሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም። አንድም ጥይት ሳይተኮስ አንባቢው ትንፋሹን ይይዛል። የስለላ ታሪክን የሚታመን የሚያደርገውና ልብ የሚያንጠለጥለው አንድ ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም የሚመጡት ገጸ ባሕርይው ሊጥሰው ከማይችለው ነገር ነው፤ ከሥርዓት፣ ከርቀት፣ ከጊዜ፣ ከድካም።

ከራሳችን ታሪክ የባሻይ አውዓሎም ሐረጎትን ነገር እናንሣ። ከዓድዋ ጦርነት በፊት ጣሊያኖች የእነርሱ ሰላይ አድርገው ያመኑት ይህ ሰው ለአገሩ ወግኖ የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ወሬ ለጄኔራል ባራቲየሪ አደረሰ። የነገሩ ብልሃት ወሬው ሐሰት መሆኑ ላይ ብቻ አይደለም። የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት በእርግጥ ስንቅ አጥሮት ነበር፤ ወታደሩም እህል ፍለጋ ወደየአቅጣጫው ይወጣ ነበር። ባራቲየሪም በበኩሉ ስንቁ እያለቀበት፣ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም እየወቀሰው፣ ጄኔራሎቹም እንዋጋ እያሉ ወጥረው ይዘውት ስለ ነበር ጆሮው እንዲህ ያለ ወሬ ናፍቆ ነበር። ውሸቱ ከእውነት አጠገብ ቆሞ፣ የተራበ ጆሮ አገኘ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሆኖም ይህ ታሪክ በተተረከ ቁጥር ሁላችንም ወደ ተራኪው ጠጋ እንላለን። ፍጻሜውን አውቀነው ሳለ የሚያስጨንቀን ያች ሰውየው ቃሉን ተናግሮ የጄኔራሉን ፊት እያየ ዝም ያለባት ቅጽበት ናት። ያምነው ይሆን? መጨረሻውን መደበቅ ብቻውን ልብ ያንጠለጥላል ብለው የሚያስቡ ጸሐፊዎች ይህችን ቅጽበት ደጋግመው ቢያስቧት ይጠቅማቸዋል።

ሽፋን የሚባለውም ነገር በአብዛኞቹ ልቦለዶቻችን ውስጥ ከሐሰተኛ ፓስፖርትና ከጥቁር መነጽር አያልፍም። እውነተኛ ሽፋን ግን ሥራ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት ተነሥቶ የሚሠራ ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤሉ ሞሳድ ከጎንደርና ከአካባቢው በእግር ሱዳን የደረሱትን ቤተ እስራኤላውያን በስውር ለማውጣት በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በሚባል ቦታ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ነበር። እውነተኛ ቱሪስቶች መጡ፤ ሰላዮቹም ቀን ቀን እንግዳ ሲያስተናግዱና ጠለቃ ሲያስተምሩ ውለው ሌሊት ሰው ለማጓጓዝ ይወጡ ነበር። እኔን ከሌሊቱ ጉዞ ይልቅ የሚማርከኝ ንጋቱ ነው፤ እንቅልፍ ያላየ ሰው ለእንግዶቹ ቁርስ ሲያቀርብ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?

ይህን ወደ ባሕር ዳር እናምጣው። ማንነቱን የደበቀ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ቢከራይ መጀመሪያ የሚመረምሩት የደኅንነት ሰዎች አይደሉም፤ ቡና አፍልተው የሚጠሩት አከራዩ እማማ ናቸው። «አገርህ ወዴት ነው ልጄ?» ይሉታል። «ደንበጫ» ካለ፣ «የየትኛው ደብር ሰው ነህ?» ይከተላል፤ ከዚያም የእናቱ ስም፣ ከዚያም የሚያውቋቸው አንድ ቄስ። ቡናውን እንቢ ቢል ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰፈሩ ሌላ ወሬ አያሻውም። ዲያቆን ነኝ ብሎ የገባ ሰላይ ዓርብ ቀን ሳያስብ ማኪያቶ ቢያዝ፣ ያችን ሲኒ ለመግለጽ ሁለት ገጽ ቢወስድ እንኳ አንባቢው አይሰለችም። የእኛ አንባቢ «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል ያወቀው ከፊልም አይደለም፤ ወላጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩት ሰምቶ ነው። ስለዚህ ክትትል ማለት በጎረቤት ዓይን መታየት መሆኑን ያውቃል፤ በሳተላይት ካርታ ላይ የምትንቀሳቀስ ቀይ ነጥብ እምብዛም አታስፈራውም።

ስለ ተኩሱ ብዙ አልልም። ሽጉጥ ወደ 160 ዴሲቤል የሚጠጋ ድምፅ ያወጣል፤ ማፈኛው ከዚያ ላይ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ቢቀንስለት ነው። የሚቀረው ድምፅ ጸጥ ባለ ሌሊት፣ ያውም በውኃ ላይ፣ ሩቅ ይሄዳል፤ በፊልም እንደምንሰማው «ፕስ» ብሎ አያበቃም። ትከሻውን የተመታ ጀግናም በማግስቱ ግድግዳ መውጣት የለበትም። ቁስሉ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ቢያመው፣ መሪ ሲይዝ ቢያቃስት፣ ቀጣዩ ግብግብ ከወዲሁ ያስፈራናል፤ ሁሌም ድኖ የሚነሣ ሰው ግን ለሕይወቱ አያሰጋንም።

ወጣቱ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ስነግረው ትንሽ ተቀየመኝ፤ ሻዩንም ሳይጨርስ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ ምዕራፍ ይዞ መጣ። ሰላይዋ እንጦስ ላይ ቆማለች። የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቷል፤ የሞተር ጀልባው ድምፁ እንዳያጋልጣቸው ስለ ተተወ ባልደረባዋ የሚመለሰው በደንገል ታንኳ ነው። ታንኳው ውኃ እየጠጣ እየከበደ ነው፤ እርሷም ከሩቅ ሆና የምታየው ቀዛፊ የላከችው ሰው መሆኑን መለየት አልቻለችም። አነበብሁት፤ ደግሜም አነበብሁት። ከጎኑ በእርሳስ የጻፍሁበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ታንኳውን ያከራያቸው ሰውዬ ማን ነው፣ ማታ ቤቱ ሲገባስ ለሚስቱ ምን ይላታል?