እርማት፦ የኤደልቫይስ ወታደሮች «ተራራ ወጪዎች ብቻ» አልነበሩም

ወዳጄ፣ ቆባቸው ላይ የኤደልቫይስ አበባ ምልክት ስለሚያደርጉት የጀርመን ተራራ እግረኞች ስትጽፍ «ከበረዶና ከገደል ጋር ብቻ የታገሉ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ ወታደሮች» ብለሃል። ይሄ ልክ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተደጋግሞ ስለተወራ ነው እውነት የመሰለው።

የካውካሰስን ኤልብሩስ ተራራ ወጥተው ሂትለርን አስፈነደቁ ያልከው በከፊል ትክክል ነው። ኦገስት 1942 ላይ 5,642 ሜትር ወጥተው ባንዲራ ሰቅለዋል። ግን ሂትለር በደስታ አልፈነደቀም። ሚኒስትሩ አልበርት ሽፔር በኋላ እንደተረከው በንዴት ጨሰ፤ እሱ የፈለገው ጥቁር ባሕር ላይ ያለውን የሱኩሚን ወደብ ነበር፣ እነሱ ተራራ ይወጣሉ!

ዋናው ጉዳይ ግን ግሪክ ውስጥ ነው። ኦገስት 16 ቀን 1943፣ የእመቤታችን በዓል ማግስት፣ ገና ሳይነጋ የ1ኛው ተራራ ክፍለ ጦር ወታደሮች አርታ አጠገብ ያለችውን የኮመኖን መንደር ከበቡ። ቆባቸው ላይ ያቺ ነጭ የኤደልቫይስ አበባ አለች። 317 ሰው ገደሉ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። ማታ ሠርግ የነበረበት ቤት እንኳ አልተረፈም። ቤቶቹን አቃጥለው፣ ከብቱን ነድተው ሄዱ።

በቀጣዩ ወር ደግሞ ኬፋሎኒያ ደሴት ላይ እጃቸውን የሰጡ የኢጣሊያ አኩዊ ክፍለ ጦር ወታደሮችን በሺዎች ረሸኑ። አኩዊዎቹ የትናንት አጋሮቻቸው ነበሩ እኮ። ክፍለ ጦሩ የነበረበት ኮር (የክፍለ ጦሮች ስብስብ) አዛዥ ጄኔራል ሁበርት ላንዝ በ1948 ኑረንበርግ ላይ 12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1951 ተፈታ።